ከቦኖው በላይ

ጥቅምት 9 ቀን 2002

ክትባት ነበር ዛሬ። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም፤ እናቶቹ ግን አልቀሩም። የሙዝ ቅጠል አናታቸው ላይ ደፍተው መጡ። የጤና ጣቢያው ወለል ቀይ ጭቃ ሆኖ ዋለ። እግሬ ዛለ።

ቤት ስገባ ሎሚ የሚዜዎቿን ልብስ ቀለም ልታማክረኝ ጠበቀችኝ። ቢጫ ወይስ ሰማያዊ? ቢጫ አልኳት። ሰማያዊ መረጠች። ታዲያ ለምን ትጠይቀኛለች... ሰርጉ ለጥር ተቆርጧል። ታናሽ እህቴ ቀድማኝ ልታገባ ነው። ሰው ሁሉ ይህን ያስታውሰኛል። አልከፋኝም። ምናልባት ትንሽ።

እማ እስካሁን አላመነችም። የጋሽ ተረፈ ልጅ! የቡና ማጠቢያው ባለቤት፣ የጸሎት ቤታችን ሽማግሌ፣ አባባ በታመመ ጊዜ በራሱ መኪና ሚዛን ሆስፒታል ያደረሰው ሰው ዘመዳችን ሊሆን ነው። አሞጽ ራሱም ጥሩ ልጅ ነው። ዝምተኛ። ሎሚ ለሁለቱም ታወራለች።

ውሃ ስጠጣ ኮመጠጠኝ። ጀሪካኑ መስሎኝ አጠብኩት። እንደገና ቀዳሁ፤ ያው ነው። እማ "የቡና ወቅት እኮ ነው፤ ሁልጊዜም ትንሽ ይሸታል" አለች።

ሁልጊዜ? አምናም ይሸት ነበር? አላስታውስም።

ጥቅምት 12

ዛሬ ባሰበት። ቦኖው ጋ ሴቶቹ አፍንጫቸውን ይዘው ነው የሚቀዱት። ግን ይቀዳሉ። ምን ያድርጉ?

ጥቅምት 17

ተቅማጥ፣ ተቅማጥ፣ ተቅማጥ። የመጡት ልጆች በሙሉ ከታችኛው ሰፈር ናቸው። ከእኛ ሰፈር። ከቦኖው የምንቀዳው ሁሉ።

ማሚትም መጣች፣ ጎረቤታችን። ትንሿን ትርፌን አዝላ። ልጅቷ መራመድ ከጀመረች ገና ነው፤ በአጥራችን ቀዳዳ ሾልካ ትመጣና ጫማዬን ይዛብኝ ትሄዳለች። ዛሬ አንገቷን እንኳ ማቅናት አቅቷት ነበር። ኦ.አር.ኤስ. በማንኪያ እያጠጣኋት ትንሽ ተሻላት። ውሃውን አፍልተሽ አጠጫት አልኳት።

"ሲስተር፣ ውሃው ነው እኮ" አለችኝ ማሚት። "ነጭ ልብሷን አጠብኩት፣ ቡናማ ሆኖ ወጣ።"

ለኃላፊያችን ለአቶ ሳህሉ ነገርኩት። ቀና ሳይል "ጥርስ እያወጡ ይሆናል" አለኝ።

የሰፈሩ ልጅ ሁሉ በአንድ ሳምንት ጥርስ ያወጣል? አላልኩትም። በልቤ ነው ያልኩት። ሁልጊዜ በልቤ ነው የምለው።

ጥቅምት 20

ሴቶቹ ተሰብስበው ጋሽ ተረፈ ጋ ወጡ። ማጠቢያው ጉብታው ላይ ነው፣ ከምንጩ በላይ። የተፈለፈለው ቡና ልጣጭ የሚጣልበት ጉድጓድ ሞልቶ በዝናቡ ወደ ምንጩ ሲወርድ አይተዋል።

እኔ አልሄድኩም። ሥራ ላይ ነበርኩ። (ሥራ ባይኖረኝስ እሄድ ነበር?)

ማሚት ተመልሳ ስትነግረኝ ፊቷ በርቶ ነበር። ጋሽ ተረፈ አልተቆጣም። "እኔ ያወረድኩትን ውሃ እኔው አበላሸዋለሁ እንዴ?" ብሎ እዚያው ሠራተኞቹን ጠርቶ ሌላ ጉድጓድ በወዲያኛው ቁልቁለት ማስቆፈር ጀመረ። እውነቱን ነው፤ ከዓመታት በፊት ቧንቧውን በትከሻቸው ተሸክመው ከዘረጉት ሰዎች ፊታውራሪው እሱ ነበር።

እማ "ሰው ማለት እንዲህ ነው" አለች። ሎሚ ኩራቷ አይጣል።

ጥቅምት 29

እሑድ። ከስብከት በኋላ ጋሽ ተረፈ ተነስቶ ቆመ። ከቦኖው የተቀዳ ውሃ በብርጭቆ አሳየን። ጥርት ያለ። ሁላችን እያየን ጭልጥ አድርጎ ጠጣው። ጉባኤው አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ።

ቤት ገብቼ ጠጣሁ። ምንም አይሸትም። ተመስገን!

ኅዳር 2

ሽታው ከጠፋ ቀናት አለፉ። ልጆቹ ግን አሁንም ይመጣሉ። ለምን?

ዛሬ ደግሞ ትልልቅ ሰዎችም መጡ። ትኩሳት ያላቸው አሉ።

ማሚት ትርፌን እንደገና አመጣቻት። ተሽሏት ነበር እኮ... "ሽታው ሲጠፋ ጊዜ ማፍላቱን ተውኩት" አለች። እኛም ቤት ማፍላቱን ትተናል። እኔው ነኝ "አሁን ደህና ነው" ያልኳቸው።

ኅዳር 5

ትርፌ አረፈች።

ጉሉኮስ ልሰካላት ደም ሥሯን ፈለግሁ፣ ፈለግሁ፣ ጠፋብኝ። መኪና ወደ ሚዛን ፈልገን ስናገኝ... መጻፍ አልቻልኩም።

ኅዳር 6

ቀበርናት። እማ ነች ያጠበቻት።

ድንኳኑ ውስጥ የበሰለ ጎደሬ ቀረበ፣ ውሃ በጆግ ዞረ። ሰው ሁሉ ይጠጣል። ከቦኖው ነው። ጋሽ ተረፈም መጥቶ ነበር፤ ጸሎቱን እሱ መራ፣ ድምፁ ተቆራረጠ። ከልቡ ነው ያለቀሰው። ጆጉ እኔ ጋ ሲደርስ ያዝኩት። "አትጠጡ" ልል አፌን ከፈትኩ። ማሚት አየችኝ። ዘጋሁት።

ምን ይዤ ነው የምለው? ውሃው እኮ ጥርት ያለ ነው።

ኅዳር 9

ዛሬ ከሥራ በኋላ ብቻዬን ወጣሁ፣ ምንጩ ጋ። የሲሚንቶ ክዳኑ ደህና ነው። አካባቢው ንጹሕ ነው። ልመለስ ስል ከላይ ቅጠል የለበሰ ነገር አየሁ።

ለቡና ለቀማና ለማጠቢያው ከሌላ ቦታ የመጡት የቀን ሠራተኞች ሽንት ቤት። ከእንጨትና ከኮባ ቅጠል የተሠራ። ከምንጩ ልክ በላይ፣ ቁልቁለቱ ላይ። ዝናቡ ጉድጓዱን ሞልቶት ውስጡ ያለው ይወርዳል... ወዴት እንደሚወርድ ለማወቅ ነርስ መሆን አያስፈልግም።

የሸተተን ቡናው ነበር። የገደለን ሌላው ነው። እሱ ደግሞ አይሸትም፤ አፈሩ ያጣራዋል፣ ጥርት አድርጎ ያወርደዋል።

አሞጽ አየኝና መጣ። አጠገቤ ቆመ።

"መቼ ነው የተቆፈረው?" አልኩት።

"መስከረም ላይ፣ ሠራተኞቹ ሲመጡ።"

"አባትህ ያውቃል?"

"አያውቅም" አለ። ወደ ጉድጓዱ አየና "ያውቃል" አለ። "ለጊዜው ነው ብሎ ነው። ቡናው እስኪያልቅ።"

ከዚያ እንደ ሕፃን ጠየቀኝ፦ "እህት ዲቦራ፣ የማሚትን ልጅ የገደላት ይህ ነው?"

"አላውቅም። ውሃው ሳይመረመር ማንም አያውቅም።"

ኅዳር 10

አቶ ሳህሉ ጋ ገባሁ። ስለ ሽንት ቤቱ ነገርኩትና የውሃ ናሙና ወደ ሚዛን እንላክ አልኩት።

በሩን ዘጋው። "ተቀመጪ። ሰርጉ ለመቼ ነው?"

"ለጥር።"

"እሱ ይለፍ። ያኔ ቡናውም ያልቃል፣ ሠራተኞቹም ይሄዳሉ፣ ሽንት ቤቱም ይደርቃል። አንቺም እህትሽን በሰላም ትድሪያለሽ።"

"እስከዚያ ስንት ልጅ..."

"አተት የሚል ቃል ከአፍሽ እንዳይወጣ። ሰምተሻል? ከላይ ስልክ ሲመጣ የምመልሰው እኔ ነኝ።"

ክፉ ሰው አይደለም። ፈሪ ነው። እኔስ?

ቤት ሎሚ ቀሚሷን ለብሳ ጠበቀችኝ። ነጭ። ቆንጆ ሆናለች። "ምን ሆነሻል ዲቦ?" አለችኝ። "ደከመኝ" አልኳት።

ብነግራት ወይ ትፈርሳለች ወይ ትጠላኛለች። ነገሩ ሳይረጋገጥ ለምን ልናገር?

ኅዳር 14

ሄድኩ። ፈቃድ ወሰድኩ፣ ለእማ ከሚዛን መድኃኒት ላመጣላት ነው ብዬ። ውሸት። የቀቀልኩትን ጠርሙስ ከቦኖው ሞላሁ፣ የክትባት ማቀዝቀዣ ሳጥን ውስጥ በበረዶ ከተትኩት። መኪና ሳይመጣ ረፈደ። ናሙናው ሳይሞቅ መድረስ አለበት። መንገዱ ዳር ቆሜ ስጨነቅ አሞጽ በሞተር መጣ።

"ለውሃው ነው አይደል? ከኋላዬ ውጪ" አለኝ።

"አባትህ ቢያውቅ?"

"ውጪ እህት ዲቦራ፣ በረዶው ይቀልጣል።"

እስከ ሚዛን ሳጥኑን አቅፌ፣ ጭቃ እየረጨን። ላቦራቶሪ ያለው ልጅ ጠርሙሱን ብርሃን ላይ አየና "ንጹሕ ይመስላል" አለኝ። ይመስላል!

ስንመለስ አሞጽ "ውጤቱ እስኪመጣ ለሎሚ አትንገሪያት። እኔው ነኝ የምነግራት፣ አባቴ ነውና" አለኝ። ቃል ገባሁለት። ምነው ባልገባሁ።

ኅዳር 15

ሰው አይቶናል። እንዴት አያይ? ገበያ ሁሉ ሲያወራ ውሏል። የሙሽራዋ ታላቅ እህት ከሙሽራው ጋር በአንድ ሞተር፣ ሚዛን፣ ቀኑን ሙሉ። ታላቋ ሳታገባ ታናሿ ስታገባ እንዲህ ነው ተብሏል።

ሎሚ ወጥ ቤት መጣች። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

"ሚዛን ምን ልትሠሩ ሄዳችሁ?"

"ለሥራ ነው ሎሚዬ።"

"የጤና ጣቢያ ሥራ ከአሞጽ ጋር?"

"ጥቂት ቀን ታገሺኝ።"

"ለእማ መድኃኒት ላመጣ ነው ብለሽ ፈቃድ እንደወሰድሽ ሰማሁ። እማን አምጥታልሻለች ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ምንም መድኃኒት አላውቅም አለችኝ።"

ምን ልበል? ድስቱን ማማሰል ያዝኩ። ይህን አይታ "እሺ" አለች። "እሺ" ብላ ወጣች።

ኅዳር 16

አላናገረችኝም። ቀሚሷን ከግድግዳው ላይ አውርዳዋለች።

ኅዳር 17

ስልክ ከሚዛን። የላቦራቶሪው ልጅ። "ሲስተር፣ ይህን ውሃ የሚጠጣ ሰው አለ?" አለኝ። ከሰው ዓይነ ምድር የሚመጣው ባክቴሪያ ሞልቶበታል። በጽሑፍ ለዞንም ለወረዳም ልኮታል።

ከሰዓት የቀበሌ ሰዎች መጥተው ቦኖውን በሰንሰለት ቆለፉት።

አሞጽ ሎሚን ጸሎት ቤቱ ደጅ ላይ አነጋግሯታል። ስትመጣ ዓይኗ አብጧል። አጠገቤ አልጋው ላይ ተቀመጠች።

"ለእኔ ብትነግሪኝ የማልችል መሰለሽ?"

"እንዳትጎጂ ብዬ..."

"ሰው ሲስቅብኝ አልተጎዳሁም? ልጅ ሞታ፣ አንቺ እያወቅሽ፣ እኔ ስለ ሰማያዊ ልብስ ሳወራ ዝም አልሽኝ!"

እውነቷን ነው።

ኅዳር 18

ጋሽ ተረፈ ቤታችን መጣ። ብቻውን። እማ ወንበር ሰጠችው፣ አልተቀመጠም።

"ዲቦራ፣ ይህን ውሃ ማን አወረደው?"

"እርስዎ ነዎት ጋሽ ተረፈ።"

"የእናትሽን ወገብ ከወንዝ እንስራ ማን አሳረፈው?"

"እርስዎ።"

"ታዲያ ልጄን ከእኔ ለይተሽ፣ ተደብቀሽ ሚዛን ከመሄድሽ በፊት ለእኔ መንገር አቃተሽ? በዚህ ዕድሜዬ ሰው ገዳይ አድርገሽ ከምታስቢኝ ‘ጋሽ ተረፈ፣ ሽንት ቤቱን ያንሱ’ ማለት አቃተሽ?"

እኔም ራሴን ስጠይቀው የከረምኩት ነው። ሴቶቹ ስለ ልጣጩ ሲነግሩት ሰምቷቸዋል እኮ።

"ፈራሁዎት" አልኩት።

"እኔን?"

"እርስዎን። ውለታዎን። ሰርጉን። ሁሉንም ፈራሁ።"

ባርኔጣውን አውልቆ ወንበሩ ላይ አስቀመጠው። ሰው እንደሚፈራው ያወቀ አይመስለኝም። "ለጊዜው ነው ብዬ ነበር" አለ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ። "ውሃውን እኔም እጠጣለሁ። እያያችሁኝ ጠጥቻለሁ።"

ያኔ እማ ተናገረች። አባባ ከሞተ ጀምሮ ለዚህ ሰው ከ"እግዜር ይስጥልን" ሌላ ቃል ተናግራው አታውቅም።

"ተረፈ፣ አንተ ትልቅ ሰው ነህ፣ ሆድህ ይችለዋል። ትርፌን ያጠብኳት እኔ ነኝ። በዚህ እጄ። አጥንቷን ነው ያጠብኩት።"

ባርኔጣውን አንስቶ ወጣ። ሰላም አላለንም።

ኅዳር 22

ሰፈሩ በጋሽ ተረፈ አይደለም የተቆጣው፤ በእኔ ነው። ወንዙ ሩቅ ነው፣ ዳገቱ ያንሸራትታል። አንዷ ጀሪካን ተሸክማ ስታልፍ "ውሃችንን ያስዘጋችው ይህችውና" አለች፣ እንድሰማት። አንድ እርጉዝ ወድቃ መጥታለች ዛሬ፤ ደህና ናት፣ ልጁም ደህና ነው። ብትሞትስ ኖሮ? እሱም የእኔ ይሆን ነበር?

ከየቤቱ እየገባሁ አፍልታችሁ ጠጡ እላለሁ። "በምን ማገዶ?" ይሉኛል። ሎሚ ሳልጠራት ተከተለችኝ። አታናግረኝም፤ ግን በየቤቱ እሷ ናት የምታስረዳው። ከእኔ ይልቅ ይሰሟታል። የጋሽ ተረፈ ምራት ናትና፣ እሷ ካለች እውነት ነው ይላሉ።

አቶ ሳህሉ ካለ ፈቃድ ሳጥን ወስደሻል ብሎ ማስጠንቀቂያ አስፈረመኝ። ፈረምኩ።

ኅዳር 25

ጋሽ ተረፈ ማሚት ቤት ሄደ። ሁለት ሽማግሌ ይዞ። ማሚት "ሲስተርም ትምጣ" ብላ አስጠራችኝ።

ሽማግሌዎቹ ስለ እግዚአብሔር ፈቃድ ጀመሩ። ጋሽ ተረፈ አቋረጣቸው። "የእግዚአብሔር አይደለም። የእኔ ነው። ጉድጓዱን እዚያ ያስቆፈርኩት እኔ ነኝ" አለ። እንዲህ በአጭሩ። ከዚያ ተንበረከከ፣ ያ ረጅሙ ሰው።

"ይቅር ለማለት ገና ነኝ ጋሽ ተረፈ" አለች ማሚት። "አልዋሽዎትም። አፌ ቢል ልቤ አይልም። ጉድጓዱን ግን ዛሬውኑ ይድፈኑልኝ።"

ኮቱን እዚያው አውልቆ ወጣ። በመስኮት አየነው፤ አሞጽና ሠራተኞቹ ተከትለውት፣ አካፋ ይዘው። ማሚት መስኮቱን ዘጋችውና እጄን ያዘች። ያኔ ነው ያለቀሰችው። እኔም። ከትርፌ ቀብር ቀን ጀምሮ አላለቀስኩም ነበር።

ለቅሶው ሲበርድልን ነገርኳት። ድንኳኑ ውስጥ ጆጉን ይዤ ዝም ማለቴን።

"አይቼሻለሁ" አለችኝ። እጄን ግን አልለቀቀችም።

ታኅሣሥ 21

ሽንት ቤቱ በወዲያኛው ወገን ተሠራ። ከምንጩ በላይ ያለው መሬት ታጠረ፣ እዚያ የነበረው ቡና ሁሉ ተነቅሎ። ምንጩና ቧንቧው በክሎሪን ታጠቡ። ሁለት ጊዜ ተመርምሮ ዛሬ ቦኖው ተከፈተ። ጭብጨባ የለም፣ ንግግር የለም። ሰው ተሰልፎ ቀዳ። በየወሩ እንዲመረመር ኮሚቴ ተመርጧል፤ ማሚት አለችበት። ራሷ ናት እጇን ያወጣችው።

ጥር 15

ዳርናት! ትንሽ ሰርግ ነበር፤ ሎሚ ራሷ ናት ትንሽ ይሁን ያለችው፣ ማሚት ሐዘን ላይ ሳለች አጥር ለአጥር ጭፈራ አይሆንም ብላ። ጋሽ ተረፈ ከፊት ተቀምጦ ነበር። ከስቷል። ለእኔ ራሱን ነቀነቀልኝ፣ እኔም ለእሱ። ከዚህ በላይ ዘመድነት ለጊዜው አንችልም።

ሎሚ ልትወጣ ስትል ጆሮዬ ላይ "ሁለተኛ ዝም ብትዪኝ አልለቅሽም" አለችኝ። ሳቅን። ሁለታችንም ኩላችን ፈሰሰ።

ጥር 24

የዝውውር ደብዳቤ። "ለሥራው አስፈላጊነት ሲባል" ወደ ማጂ ከተማ። አቶ ሳህሉ ሲሰጠኝ አላየኝም። እማ አለቀሰች፤ "ብርድ ነው፣ ሩቅ ነው፣ ማንን ታውቂያለሽ?" ማንንም።

አቤት ልበል? ልተወው? ሎሚ አቤት በዪ አለች። ጻፍኩ፣ አስገባሁ። መልስ እስኪመጣ ግን እሄዳለሁ። በሽተኛ እዚያም አለ።

የካቲት 3፣ ማጂ

በጭነት መኪና ነው የደረስኩት፣ አቧራ ለብሼ። ብርዱ እውነት ነው። ከተማዋ አሮጌ፣ ዳገት ላይ የተንጠለጠለች። የጽዳት ሠራተኛዋ በየነች ክፍሌን አሳየችኝ፣ የእጅ መታጠቢያና የሚጠጣ ውሃ አመጣችልኝ።

"ውሃው ከየት ነው የሚቀዳው?"

"ከላይ ከምንጩ ነዋ።"

"ከምንጩ በላይስ ማን አለ?"

ሳቀች። "ኧረ ሲስተር፣ አሁን ደርሰሽ! ሻንጣሽን እንኳ ሳትፈቺ?"

"የትም አይሄድም። ነይ አሳዪኝ።"

ወጣን። ዳገቱ ላይ ትንፋሽ አጠረኝ። ከምንጩ በላይ የከብት በረት አለ፤ እበቱ ቁልቁል ተከምሯል። ባለቤቱ ወፍራም ጋቢ የለበሰ ሰው፣ ሁለት ውሾች ያሉት። በየነች እጅጌዬን ጎተተችኝ፤ "ይሄ የዋዛ ሰው አይደለም፣ ሌላ ቀን ከኃላፊው ጋር ነይ" አለችኝ በሹክሹክታ።

ልቤ ይመታ ነበር። አሁንም እየጻፍኩ ይመታል። ሰላም አልኩት። ስሙን ጠየቅኩት፤ ገብረወልድ አለኝ። ስሜን ነገርኩት። ከዚያ ስለ በረቱ ነገርኩት፣ ለእሱው፣ ዓይኑን እያየሁ።